ለሞተር የሚያዝ ጎማ መንፊያ እንዴት ይመረጣል? ለአዲስ አበባ ነጂዎች ዝርዝር መመሪያ

መኪና ጎማው ቢተነፍስ ስኮርታ አለው። ሾፌሩ ክሪኩን አውጥቶ፣ ብሎኑን ፈትቶ፣ ቀይሮ ይሄዳል። ሞተር ስኮርታ የለውም። የኋላ ጎማ ቸርችል ጎዳና ዳገት መሃል ላይ ከተነፈሰ ያለው ምርጫ እየገፉ ጎሚስታ መፈለግ፣ ፒክአፕ ለምኖ መጫን፣ ወይም እዚያው ጠግኖና ነፍቶ መሄድ ነው። መግፋቱ ደግሞ በነፃ አይደለም። አየር በሌለው ጎማ ላይ ሞተር በተገፋ ቁጥር ቸርኬው ከመነዳሪውን (ጎማው ውስጥ ያለውን አየር የሚይዝ ላስቲክ) እየቆነጠጠ ይሄዳል፤ በአንዲት ሚስማር ቀዳዳ የተጀመረው ጣጣ አዲስ ከመነዳሪ በመግዛት ያበቃል።

ጎሚስታውም እንደ ድሮው በየማዕዘኑ አይጠብቃችሁም። የኮሪደር ልማቱ ባለፈባቸው የፒያሳ፣ የአራት ኪሎና የካዛንቺስ መንገዶች ላይ ኮምፕሬሰሩን አስፋልት ዳር አቁሞ የሚሠራ ሰው ለማግኘት ወደ ውስጥ መግባት ግድ እየሆነ ነው። ለዚህም ይመስላል ብዙ ነጂ፣ በተለይ ዕቃ አመላላሹ፣ የራሱን መንፊያ መያዝ የጀመረው። ገበያውም በትናንሽ ዲጂታል መንፊያዎች ተጥለቅልቋል፤ ካርቶናቸው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ላመነ ሰው ሁሉም ተአምረኛ ናቸው። እኔ የምመክረው ካርቶኑን ለጊዜው ትታችሁ ከጎማችሁ እንድትነሱ ነው።

1. ጎማችሁን እወቁ

ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ በሉና የጎማውን ጎን አንብቡ። ከመጠኑ ቁጥር አካባቢ «ቱብለስ» (ከመነዳሪ የሌለው) ወይም «ቱብ ታይፕ» (ከመነዳሪ ያለው) የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። እንደ ያማሃ ዲቲ እና ኤጂ ያሉ ባለ ሽቦ ቸርኬ ሞተሮች በከመነዳሪ የሚሠሩ ናቸው። ቸርኬው ድፍን ስለሆነ ብቻ ግን ቱብለስ ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ድፍን ቸርኬ ይዞ ውስጡ ከመነዳሪ ያለበት ሞተር ሞልቷል። ያገለገለ ሞተር ከገዛችሁ ደግሞ ቱብለሱ ጎማ ውስጥ አንድ ጎሚስታ ከመነዳሪ ከትቶበት ሊሆን ይችላል፤ ሻጩን ጠይቁ።

ይህ ለምን አስፈለገ? ቱብለስ ጎማ ሚስማር ሲወጋው አየሩን የሚለቀው ቀስ እያለ ነው። ሚስማሩን በፒንሳ ትነቅላላችሁ፣ ቀዳዳውን በመሞረጃው ታጸዳላችሁ፣ ሙጫ የተቀባውን የመጠገኛ ገመድ በመርፌው ትከታላችሁ፣ ከዚያ ትነፋላችሁ። ጎማው ከሞተሩ ሳይወርድ ሥራው ያልቃል። ለእናንተ መንፊያው ከዜሮ ወይም ከዜሮ አካባቢ ተነስቶ እስከ ሙሉ የሚያደርስ መሆን አለበት። የመጠገኛ ገመዱና መርፌው አብረው ካልተያዙ ግን መንፊያው ግማሽ ዕቃ ነው፤ የሞላችሁት አየር በገባበት ፍጥነት ይወጣል።

ከመነዳሪ ያለው ጎማ ሌላ ነው። ጎማው ተፈትቶ፣ በብረት ተፈልቅቆ፣ ከመነዳሪው ወጥቶ መለጠፍ አለበት። ይህን ስታዲየም ፊት ለፊት አስፋልት ዳር ቁጭ ብሎ የሚሠራ ጥቂት ነው፤ እኔም ለሁሉም አልመክርም። ለእናንተ የመንፊያው ዋና ጥቅም በዝግታ የሚተነፍስ ጎማ ነው፦ ሚስማሩን ሳትነቅሉ ትነፋላችሁ፣ ብቻችሁን ሆናችሁ በዝግታ ቅርብ ወዳለው ጎሚስታ ትደርሳላችሁ፣ ካስፈለገ መንገድ ላይ ደግማችሁ ትነፋላችሁ። ስለዚህ ኃይለኛ ከሆነው ይልቅ ቶሎ የሚወጣውና ቶሎ የሚገጠመው ይጠቅማችኋል።

2. የሚያስፈልጋችሁን ልክ ፈልጉ

ልኩ ብዙውን ጊዜ የካቴና መሸፈኛው ወይም የኋላ ሹካው ላይ በተለጠፈ ወረቀት፣ አለዚያም በሞተሩ መጽሐፍ ላይ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚታዩት ትናንሽ የህንድ ሞተሮች ባመዛኙ ፊት 25፣ ኋላ 28፣ ሰው ሲጫን ኋላ 32 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ ይጠይቃሉ፤ የእናንተን ግን ከራሱ ከሞተሩ አረጋግጡ። በባር የሚለካ መሣሪያ ከገጠማችሁ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ መሞላት ያለበት ልክ አይደለም። ጎሚስታ ጋ ሄደን «ጠንከር አድርግልኝ» የማለት ልማዳችንም ቢቀር ጥሩ ነው። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ክረምት ላይ ኮብልስቶን ሲነካ እንዴት እንደሚንሸራተት የቀመሰ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ የካርቶኑ ትልቁ ማታለያ ይጋለጣል። «150 ፒኤስአይ» የሚለው ጽሑፍ ለእናንተ ምንም ትርጉም የለውም። የሚያስፈልጋችሁ ባመዛኙ ከ36 አይበልጥም፤ 150 የሚደርስ መንፊያ 30 ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ጥያቄው ምን ያህል አየር በደቂቃ ያስገባል የሚለው ነው፤ ይህም በሊትር በደቂቃ ይገለጻል። ሻጩ ይህን ቁጥር የማያውቀው ከሆነ፣ ካርቶኑም ካልጻፈው፣ መፍትሔው ሱቁ ውስጥ መሞከር ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

3. ከፍታችንን አትርሱ

ይህን የመንፊያ ማስታወቂያዎች አይነግሯችሁም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በባሕር ጠለል የከባቢ አየር ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ሲሆን እዚህ 11 አካባቢ ነው። አየራችን ስስ ነው ማለት ነው። መንፊያው ፒስተኑን በመታ ቁጥር የሚያስገባው አየር ከዱባይ ወይም ከሼንዘን በሩብ ያህል ያንሳል።

ነገሩን በአንድ የኋላ ጎማ እንየው። ወደ 8 ሊትር የሚይዝ ጎማ ከ10 ወደ 28 ፒኤስአይ ለማድረስ በባሕር ጠለል 10 ሊትር ያህል የከባቢ አየር መምጠጥ ይበቃል። እዚህ ለዚያው ሥራ 13 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሞተር ጎማ በ3 ደቂቃ» የሚለውን እናንተ 4 ብላችሁ አንብቡት። በአንድ ቻርጅ ይሞላል የተባለው የጎማ ብዛትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። መንፊያው ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚሠራም የበለጠ ይግላል፤ ርካሾቹ የሚቃጠሉትም በሙቀት ነው። ለዚህ ነው «ያለማቋረጥ ይህን ያህል ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ ይህን ያህል ደቂቃ ይረፍ» የሚለውን የመመሪያውን መስመር ከሁሉ በፊት የማነበው። አምስት ደቂቃ እንኳን በተከታታይ የማይሠራ መንፊያ ለአዲስ አበባ አይሆንም።

4. ዓይነቱን ምረጡ

ባለ ገመድ ባለ 12 ቮልት መንፊያ ከሞተሩ ባትሪ ኃይል ይወስዳል። ቻርጅ አልቆብኝ የሚባል ነገር የለም፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ጣጣው ኃይል የሚያገኝበት ቦታ ነው። አብዛኞቹ እስከ 10 አምፔር ይስባሉ፤ ይህ 120 ዋት መሆኑ ነው። መሪው ላይ ለስልክ የተገጠመው ዩኤስቢ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው 10 ዋት ገደማ ነው፤ በእሱ ይሠራል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው። ሲጋራ መለኮሻ ዓይነት ሶኬት ያስገጠማችሁ ከሆነም ፊውዙን ተመልከቱ፤ ባለ 5 አምፔር ከሆነ መንፊያው እንደተነሳ ይቃጠላል። ትክክለኛው አሠራር ከባትሪው በቀጥታ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ያለበት ወፈር ያለ ሽቦ አስወጥቶ ጫፉን ከወንበሩ ሥር መተው ነው፤ አንድ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ቶሎ ይጨርሰዋል። በቁንጢጫ ባትሪ ላይ የሚያዘውም ይሆናል፤ ለዚያ ግን መንገድ ላይ የጎን መሸፈኛውን መፍታት አለባችሁ፣ ካቻቢቴም መያዝ ግድ ነው። ስትነፉ ሞተሩን አስነስታችሁ፣ ፍሬቻውን አጥፍታችሁ፣ ጋዝ ትንሽ ሰጥታችሁ ይሁን፤ የትናንሽ ሞተሮች ባትሪ አቅሙ ጥቂት ስለሆነ ጎማው ሞልቶ ሞተሩ እንቢ ሊል ይችላል። አሮጌ ሞተሮች ውስጥ ባለ 6 ቮልት አሉ፤ እነሱ ላይ ይህ መንፊያ አይሠራም። ኤሌክትሪክ ሞተር የምትነዱ ደግሞ ባትሪያችሁ 60 ወይም 72 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ቁንጢጫውን እንዳታስጠጉ።

የራሱ ባትሪ ያለው መንፊያ ለመሐል ከተማ የእኔ ምርጫ ነው። ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ልኩን ትሰጣላችሁ፣ ሲደርስ ራሱ ያቆማል። ታይፕ ሲ ቻርጅ ያለው ከሆነ ያው ለስልክ ያስገጠማችሁት የመሪ ዩኤስቢ እየሄዳችሁ ይሞላዋል፤ መብራት በጠፋበት ቀን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድክመቱ መዘንጋት ነው፦ ቦርሳ ሥር ወራት የከረመ መንፊያ በሚያስፈልግበት ቀን ቀይ መብራት ያሳያችኋል።

የእጅ ወይም የእግር ፖምፓ የሚናቅ አይደለም። ሞተር ጎማ ከዜሮ መንፋት ላብ ያስወጣል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ምቱ ይበዛል። ሆኖም አይበላሽም፣ ቻርጅ አይፈልግም። ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አምቦ የሚወጣ ሰው እንደ መጠባበቂያ አንድ ትንሽ ቢይዝ አይጎዳም።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠርሙስ በሰከንዶች ውስጥ ይሞላል፣ ከፍታም አያሸንፈውም፤ በውስጡ ያለው ጋዝ ተመዝኖ የታሸገ ነውና። ግን ባለ 16 ግራሙ ቀደም ብለን ላየነው ዓይነት ጎማ የሚሰጠው 15 ፒኤስአይ ያህል ነው፤ ሙሉ ለማድረግ ሁለት ያስፈልጋል። ሲለቀቅ እንደ በረዶ ስለሚቀዘቅዝ በባዶ እጅ አይያዝም፣ ጋዙም ከአየር ይልቅ ቶሎ ከጎማ ይሾልካል። ለመጠባበቂያ እንጂ ለዋና አልመክረውም።

ቀዳዳ እንዲደፍን ጎማ ውስጥ የሚረጨውን የቆርቆሮ አረፋ እለፉት። አረፋ የገባበትን ጎማ ለጎሚስታ ስትሰጡ ፊቱን አይታችሁ ትረዱታላችሁ፤ ያ የተጣበቀ ነገር ካልጸዳ ልጥፍ አይይዝም።

5. የባትሪውን ቁጥር አትመኑ

እጅ ውስጥ የሚገባ መንፊያ ላይ «20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት» ተጽፎ ካያችሁ አስቀምጡትና ሂዱ። እነዚህ መንፊያዎች ውስጥ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጣት የሚያህሉ ሁለት ወይም ሦስት ሲሊንደር የሊቲየም ባትሪዎች ናቸው። የዚህ ዓይነቱ አንድ ጥሩ ባትሪ ከ3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ በተከታታይ ሲያያዙ ደግሞ ቮልቱ እንጂ አምፔሩ አይደመርም። የማይዋሸው ቁጥር ዋት ሰዓት ነው። 7.4 ቮልት በ2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሲሆን 14.8 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህ ለአንድ ነጂ የሚበቃ ነው። ከፍ ካለ ጥሩ፣ ከ10 በታች ከሆነ ግን ለእኛ ከፍታ ያጥራል።

ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ልታስመጡ ካሰባችሁ ሊቲየም ባትሪ ያለው ዕቃ ከሚጫነው ይልቅ በእጅ ሻንጣ ቢያዝ እንደሚመረጥ ንገሩት። የጋዝ ጠርሙሱን ግን እንዲያመጣ አትጠይቁት፤ አየር ማረፊያ ላይ ያስጨንቀዋል።

6. ቱቦውንና አፉን ተመልከቱ

ገዢው ስክሪኑን ሲያደንቅ የሚረሳው ነገር ይህ ነው። የሞተር ቸርኬ ጠባብ ነው፤ ቫልቩ አጠገብ በአንድ ወገን የፍሬን ዲስክ፣ በሌላው ጥርስና ካቴና አለ። ወፍራም አፍ ያለው መንፊያ ለመኪና ቢገጥም እዚያ መሃል አይገባም። ገብቶም በጠመዝማዛ የሚታሰር ከሆነ ጣታችሁ የሚዞርበት ቦታ ሊያጣ ይችላል። በሌላ በኩል በማንሻ የሚቆለፈው ቶሎ ይገባል፣ ቶሎ ይወጣል፣ ሲያረጅ ግን ይላላል። ጠመዝማዛውን በምታወጡበት ጊዜ «ፍስስ» ብሎ የሚያመልጠው አየር አንድ ሁለት ፒኤስአይ ይወስድባችኋል፤ ስለዚህ ትንሽ አስበልጣችሁ ሙሉ።

የቱቦው ርዝመት ደግሞ ከምታስቡት በላይ ዋጋ አለው። አንድ ስንዝር የማይሞላ ቱቦ ያለው ባለ ባትሪ መንፊያ ግማሽ ኪሎ ክብደቱን ቫልቩ ላይ ጥሎ ይንጠለጠላል፤ በዚያ ላይ እየተንቀጠቀጠ። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ላይ ይህ አደጋ ነው፦ የቫልቩ ብረት ከከመነዳሪው ጋር የተጣበቀበት ሥሩ ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል፤ ያ ቦታ ደግሞ ልጥፍ አይቀበልም። ወይ ረዘም ያለ ቱቦ ያለውን ግዙ፣ ወይ እስኪጨርስ በእጃችሁ ደግፋችሁ ያዙት። ከተነፋ በኋላ የቱቦው ነሐስ አፍ እንደ ጀበና ይግላልና በጓንት ፍቱት።

7. ሱቅ ውስጥ ሳትሞክሩ አትክፈሉ

ሶማሌ ተራ አካባቢ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆችም ግዙ፣ ቦሌና መገናኛ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች፣ ወይም ከቴሌግራም ሻጭ፣ ሕጉ አንድ ነው። ከተቻለ በሞተራችሁ ሂዱ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ ለመኪናም ይሆናል፣ ኦሪጅናል ነው» ይላል፤ እናንተ ደግሞ «እሺ፣ እስቲ ይችን ጎማ ይንፋልኝ» በሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትኑት፦

የኋላ ጎማችሁን እስከ 15 ፒኤስአይ አስተንፍሱ። መንፊያውን 28 ላይ አድርጋችሁ አስነሱና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከፈጀ መልሱለት።

እየሠራ ሳለ ገላውን በእጃችሁ ዳስሱ። መሞቁ ያለ ነው፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ግን ነገሩ አለቀ።

28 ላይ ሲደርስ በራሱ ማቆሙን እዩ። ከዚያ በሌላ መለኪያ፣ ቢቻል በጎሚስታ መለኪያ፣ ድጋሚ ለኩ። የአንድ ሁለት ፒኤስአይ ልዩነት ይታለፋል፤ ዋናው ልዩነቱ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ መሆኑ ነው። ሁልጊዜ ሁለት አሳንሶ የሚያነብ መለኪያ ይለመዳል፤ አንዴ አሳንሶ አንዴ አስበልጦ የሚያነብ ግን ምንም አይሠራም።

መጨረሻ ላይ የመንፊያውን የፊት መብራት አብሩት። ማታ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ቫልቭ ስትፈልጉ ታመሰግኑታላችሁ።

የቴሌግራም ሻጭ ዕቃውን በሰው ልኮ «ክፈልና ውሰድ» ካለ እዚያው በር ላይ ይኸው ሙከራ ይደረግ። የማይስማማ ከሆነ ሌላ ሻጭ አይጠፋም።

8. አያያዝና አጠቃቀም

እንደ ቦክሰር ባሉ ሞተሮች ወንበር ሥር ብዙ ቦታ የለም፤ መንፊያውን ከመግዛታችሁ በፊት ቦታውን በስንዝር ለኩ። የዕቃ ሳጥን ያላችሁ ምንም አትጨነቁ። የትም ብታስቀምጡት በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ኮብልስቶን ላይ የሚንገጫገጭ መንፊያ ከአገልግሎት ይልቅ በመንገጫገጭ ያልቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ላስቲክ ይጨመርበት፤ ብዙዎቹ ውኃ አይችሉም። ባለ ባትሪ ከሆነ ከጭስ ማውጫው ራቅ ይበል፣ ፀሐይ ላይ በቆመ ሞተር ሳጥን ውስጥም አይዋል።

ልክ የምትፈትሹት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነዳ ይሁን። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ላይ ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ቀን ላይ ከ20 ያልፋል። በየ7 ዲግሪው ለውጥ ግፊቱ በ1 ፒኤስአይ ያህል ይቀያየራል፤ ስለዚህ ቀትር ላይ ነድታችሁ መጥታችሁ «በዝቷል» ብላችሁ አታስተንፍሱ።

መንገድ ላይ ስትነፉ መጀመሪያ ከመንገዱ ውጡ። ዳገት ላይ ከሆናችሁ ማርሽ አስገብታችሁ አቁሙ፤ ባለ ገመዱን የምትጠቀሙና ሞተሩን ማስነሳት የሚኖርባችሁ ከሆነ ግን ማርሹ ኖ (ኒውትራል) ላይ መሆን ስላለበት ሜዳ ቦታ ፈልጉ። ቫልቩን በእጅ የሚደረስበት ቦታ አምጡት። ቱብለስ ጎማ ከቸርኬው ጠርዝ ሙሉ በሙሉ ተላቆ ከሆነ ትንሹ መንፊያ መልሶ አያስቀምጠውም፤ አየሩ በጎን እየሾለከ በከንቱ ባትሪ ትጨርሳላችሁና ቶሎ አቁሙ። ያ የትልቅ ኮምፕሬሰር ሥራ ነው።

በገመድ የጠገናችሁትን ቱብለስ ነፍታችሁ ስትጨርሱ ቀዳዳው ላይ ምራቅ ወይም ውኃ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ከወጣ ሌላ ገመድ ጨምሩ። ካልወጣ ጥቂት ከሄዳችሁ በኋላ ቆማችሁ ድጋሚ ለኩ፤ በማግስቱም ጠዋት እንደገና። ማታ ቤት ስትገቡ መንፊያውን ቻርጅ ላይ ሰኩት፤ የተጠቀማችሁበትን የመጠገኛ ገመድም በአዲስ ተኩ።